የዋሴ ጡረታ

ግንቦት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመጨረሻው ፈተና ማጥኛ ነበር። ፈተናው አለፈ፤ ግማሹ ወረቀት ባዶ ቀረ። የአራት ዓመት የቀዶ ሕክምና ትምህርት ጨርሼ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ ዶክተር ደጋጋ» እያለኝ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለሰው የማላወራውን እዚህ ላውራ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኛል። ለስፔሻሊቲ የላከኝ ምዕራብ ጫፍ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስማር ደሞዜን ሲከፍለኝ ኖሯል። ስጨርስ ተመልሼ አራት ዓመት ላገለግል ፈርሜያለሁ። እስከ ሐምሌ 15 ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። በሌላ በኩል ወሎ ሰፈር የተከፈተው አዲሱ የግል ሆስፒታል ሰው ልኮ አስጠርቶኛል። ሐርጌሳም በዶላር የሚከፍል አለ ይላሉ። ደግሞ ከወረዳ የመጣው ወረቀት አለ፤ ካዛንቺስ ያለው የቀበሌ ቤታችን ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚፈልግ እስከ ሰኔ 30 ቅድሚያ ክፍያ ይክፈል፣ የማይፈልግ ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ክፍል ይሰጠዋል። እማዬ ወረቀቱን ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጣዋለች። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ዋሴን ረሳሁ! እትዬ የሺሃረግ ናቸው፤ ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩ ሴት። ለትምህርት ስሄድ «ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ» ተባልኩ፤ ግዴታዬን ጥዬ ብጠፋ በእኔ ፈንታ የሚጠየቅ ማለት ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ ደሞዝ የላትም። አጎቴ «አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እትዬ የሺ ማንም ሳይጠይቃቸው ከመሥሪያ ቤታቸው የደሞዝ ደብዳቤ አጽፈው፣ እንዳይታጠፍ በላስቲክ አድርገው ይዘው መጡ። «ከዚህ ሰፈር አንድ ሰርጂን ይውጣ» አሉ፤ በቃ። ሻይ እንኳን አልጠጡም።

ግንቦት 22

ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ሊፍት አለው። ሊፍቱ ይሠራል! ባለቤቱ ዶክተር ዋቅጋሪ ራሳቸው ሰርጂን ናቸው። ደሞዙን ወረቀት ላይ ጻፉና በጣታቸው ገፋ አደረጉልኝ። የመንግሥቱን ሰባት እጥፍ። በላዩ ከየኦፕሬሽኑ ፐርሰንት። በላዩ መኪና። ቪትዝ ናት፣ ነጭ። መኪናው ግድ አይሰጠኝም፣ ለመረጃ ያህል ነው።

«የአገልግሎት ግዴታ አለብኝ» አልኳቸው።

«የሌለበት ማን አለ?» ብለው ሳቁ። «እኛ እንዘጋዋለን። የስንቱን ዘግተናል።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ የተበላሸው መንገዱ ስለተቆፈረ ነው።

ግንቦት 29

ከአስገዶም ጋር ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የሐርጌሳውን ደላላ አገኘነው። አስገዶም አብሮኝ የተማረ ነው፣ አራት ዓመት አንድ የዱቲ አልጋ ተፈራርቀን ተኝተናል። ደላላው ሱፍ ለብሷል፣ ሁለት ስልክ አለው። «ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በሳምንት ውስጥ ትበራላችሁ» አለን። ኦሪጅናሉ ግዴታችንን እስክንጨርስ እንደማይሰጠን ስንነግረው ማኪያቶውን ጨልጦ ሌላ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ተነሳ። ሒሳቡን እኛ ከፈልን። ሐርጌሳ በዚሁ አበቃች።

ስንወጣ የወሎ ሰፈሩን ነገርኩት። አስገዶም ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው።

«ግዴታህን እንዘጋለን ያሉት በወረቀት ነው በአፍ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው እኮ። ዘግተናል ነው ያሉት።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ደጌ። ጅቡ ሲመጣ የምትጮኸው ብቻህን ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ እሄዳለሁ፣ የላኩኝ ጋ። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፣ ዋሴ አባቴ ነው። ብቀር በደሞዙ ሳይሆን በዱላው ነው የሚጨርሰኝ።»

ሳቅን። ቤት ስደርስ ሳቁ አልነበረም። የእሱ ዋስ አባቱ ናቸው፤ ቢጣላም ይታረቃል። የእኔ ግን የሰው ሰው ናቸው።

ሰኔ 3

ያደታ ደወለ፤ ምዕራብ ያለው ሆስፒታል የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነው። «ዶክተር፣ መቼ ነው የምትመጣልን? ቤት አስለቅቀንልሃል፣ ቀለም እየተቀባ ነው» አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንጀቷ የተጠማዘዘባት ሴት ወደ ሌላ ከተማ ልከው መንገድ ላይ ሞተችባቸው። ይህን የነገረኝ ሊወቅሰኝ አይደለም፣ የሰፈሩን ወሬ ሲያወራኝ ነው። «ብቻ አንተ ና» አለ።

«እመጣለሁ» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?

ሰኔ 12

እማዬ ኮንዶሚኒየም አልፈልግም ትላለች። «አራተኛ ፎቅ በየትኛው ጉልበቴ ነው የምወጣው? ምትኩ ክፍል የስፌት መኪናዬን ካስገባልኝ ይበቃኛል።»

«ሽንት ቤት በጋራ፣ ውሃ በጋራ፣ እስከ መቼ ነው እማዬ?» ብዬ ጮህኩባት። መጮህ አልነበረብኝም። ግን አርባ ዓመት ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ የሰፋች ሴት ፎቅ አይገባትም?

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ፎቁ ለኔ ነው ወይስ ላንተ?»

ጥያቄው ራሱ ያናድዳል። ከሆቴሎቹ ጩኸት ይሰማል፣ የዓለም ዋንጫ ነው። ሰው በብራዚል ጎል ይንጫጫል፣ እኔ ቤቴ ሊፈርስ ነው።

ሰኔ 19

ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ እትዬ የሺን አገኘኋቸው። ዝናብ ስለነበር አንድ ጃንጥላ ሥር ቆምን። የቆየው ሳላቸው ብሶባቸዋል። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ የሠላሳ ዓመት ፋይል አቧራ ነው የሚተነፍሱት። ሐኪም ሆኜ ማለት ያለብኝን አልኩ፣ «ከዚያ ክፍል መውጣት አለብዎት።»

«እወጣለሁ እንጂ! ነሐሴ 30 ስድሳ ይሞላኛል። ጡረታዬን ሳስከብር በሩን ዘግቼ ቁልፉን አስረክቤ፣ ከዚያ ወዲያ ፋይል የሚባል ነገር በዓይኔ አላይም።» በሳቅ ፈነዱ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «አለቃዬ ከዕዳ ነጻ መሆንሽ ይጣራል ብሎኛል። ምን ዕዳ አለብኝ? ያለብኝ አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ ዕዳ አይደለህም።»

«አይደለሁም» አልኩ።

ታክሲው ሲመጣ እኔን አስቀድመው አስገቡኝ። «ሐኪም አይዘግይ» ብለው ወያላውን ተቆጡት። አንጀቴን በሉት።

ሰኔ 23፣ ሌሊት

አልተኛሁም። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። እስቲ እንደ ሰው ላስብ።

ምዕራብ ብሄድ፣ እማዬ አንድ ክፍል ውስጥ ከማታውቀው ጎረቤት ጋር ተጋፍታ ትኖራለች፣ እኔ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ከዜሮ እጀምራለሁ። አብረውኝ ኮተቤ የተማሩ ልጆች ቤት ሠርተዋል፣ አንዱ ሲሚንቶ ነጋዴ ሆኖ ባለፈው በመኪናው ውሃ ረጨኝ። አላወቀኝም። አውቆኝ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ወሎ ሰፈር ብገባ ሁሉም ይፈታል፤ እማዬ ቤት ይኖራታል፣ ሆስፒታሉ ግዴታዬን ይዘጋል፣ እትዬ የሺ ሳይሰሙት ያልፋል። ማንም አይጎዳም። በዚህ በኩል ካየሁት ማንም አይጎዳም እኮ።

ታዲያ ለምንድን ነው ለእትዬ የሺ ልነግራቸው የማልፈልገው? ስለማያስፈልግ ነው። በከንቱ ለምን ላስጨንቃቸው፣ በዕድሜያቸው፣ በዚያ ሳል ላይ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ነገ አንዱን እመርጣለሁ።

ሰኔ 25

ፈረምኩ። ቅድሚያ ደሞዝ ሰጡኝ፣ በቀጥታ ወረዳ ሄጄ የኮንዶሚኒየሙን ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ። ደረሰኙን ለእማዬ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው፣ «እግዜር ይስጥህ» አለችና ስፌቷን ቀጠለች። ይኸው ነው። እልል ትላለች ብዬ ነበር።

ውሉን በደንብ አላነበብኩትም። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

መኪናዋ እስከ መስከረም ትቆያለች አሉ።

ሐምሌ 6

ሥራ ጀምሬያለሁ። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ መብራት አይጠፋም፣ የምጠይቀው ክር ሁሉ አለ። ከግዴታ ነጻ መሆኔን የሚያሳይ መልቀቂያ ስለሌለኝ የስፔሻሊስት ፈቃድ አላወጣሁም። ስለዚህ ለጊዜው በዶክተር ዋቅጋሪ ስም ነው የምሠራው። ዛሬ ሦስት ሰው ቀደድኩ። ማስታወሻውን ጽፌ የፊርማውን ቦታ ባዶ ተውኩት፣ ማታ መጥተው ፈረሙ። አንዱ በሽተኛ ሲወጣ እኔን አልፎ የእሳቸውን እጅ ሳመ።

ምንም አይደለም። ጊዜያዊ ነው።

ሐምሌ 16

ትናንት ቀኑ አለፈ። ያደታ አምስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። ከዚያ መልእክት ላከ፦ «ዶክተር ሰላም ነህ? መንገድ ተበላሽቶብህ ይሆን?» መንገዱን ነው የጠረጠረው፣ እኔን አይደለም።

ዶክተር ዋቅጋሪ ቢሮ ገባሁ። «ዶክተር፣ ያ የግዴታዬ ነገር…» አልኩ።

«የቱ?»

«እንዘጋዋለን ያሉኝ።»

«እ! እሱማ የስድስት ወር ሙከራህን ስትጨርስ እናየዋለን። ሠራተኛ ሳትሆን እንዴት እንከፍልልሃለን?»

«ከዚያ በፊት ዋሴን ከጠየቁስ?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ዋስህ ማን ነው? ዘመድህ ነው? ዘመድ ይታገሣል።»

ቤት ገብቼ ውሉን አወጣሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ግዴታ አንድም ቃል የለም። ስድስት ወር የሚል እንኳን የለም። እኔ ደነዝ! በሽተኛን ለአንዲት እባጭ ሃያ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ የራሴን ውል ቆሜ ፈረምኩ።

ሐምሌ 24

በፊት ለፊቱ በር መውጣት ትቻለሁ። በጀርባ በጋራዡ በኩል ዞሬ ኡራኤል ላይ ታክሲ እይዛለሁ። ለእግሬም ጥሩ ነው፣ እንቅስቃሴ ያስፈልገኛል።

እማዬ፦ «የሺ ጠየቀችህ። ከስቷል ወይ አለችኝ።»

«ሥራ በዝቶበታል በያት።»

«ብያታለሁ። ሥራው የት እንደሆነ ግን ምን ልበላት?»

ለካ እሷም አልነገረቻቸውም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ እትዬ የሺ ቤታችን ተቀምጠዋል። ፍልሰታ ነው፣ ከቅዳሴ እየመጡ ነበር፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ። እማዬ የለችም፣ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ሲያዩኝ ብድግ ብለው አገላብጠው ሳሙኝ፣ ግንባሬን ነኩት፣ ትኩሳት እንዳለው ልጅ።

«ደህና ነህ? አልታመምክም? ተመስገን! ተመስገን!»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

ከቦርሳቸው ደብዳቤ አወጡ። በላስቲክ ነው ያደረጉት። የምዕራቡን ሆስፒታል ከሚያስተዳድረው ጤና ቢሮ ሰኞ ለመሥሪያ ቤታቸው የመጣ ነው። የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው፤ ከፍተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ መዝገብ ላይ አስፍረው ወደ አለቃ ይመሩታል። ይሄኛውን ከፍተው የራሳቸውን ስም አገኙ። ግዴታውን ጥሎ የጠፋው ሐኪም ዶ/ር ደጋጋ፣ ዋሱ ወ/ሮ የሺሃረግ ስለሆኑ ክፍያው ከደሞዛቸውና ከጡረታቸው ታግዶ ይያዝ ይላል።

«ጠፋ ይላል እኮ» አሉኝ። «ሰው ጠፋ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? እኔማ አንድ ነገር ሆኖ እናትህ ቡዜ ደብቃኝ ነው ብዬ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ታዲያ ዛሬ ይኸው በእግርህ ቆመሃል። ስህተት ነው አይደል? የስም ስህተት ነው? አንተ እዚያ አመልክተህ እየጠበቅክ ነው፣ አይደል?»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። በማርያም እላለሁ፣ ልናገር ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን…

«ስህተት ነው እትዬ» አልኩ።

«ብያለሁ! እኔም ብያለሁ!» እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይተው፣ «አላስመዘገብኩትም» አሉኝ። «ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አሳድሬ አላውቅም። ያንተን ግን አሳደርኩት። አለቃዬ ካየው ስምህ በቢሮው ሁሉ ይዞራል፤ ልጁን ሐኪም አደረግኩ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። ማስተካከያው እስኪመጣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆይ። በስንት ቀን ይጽፉልሃል?»

«በሳምንት» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ! በሳምንት አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ነሐሴ 15

ሳምንቱ ሞላ። ለዶክተር ዋቅጋሪ ዛሬም ተናገርኩ። «ደጋጋ፣ ሥራ ላይ ነን» አሉኝ።

ለያደታ ለመደወል ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። አምስት ጊዜ። አስቀምጦ ማንሳትም ሥራ ሆነ።

ነሐሴ 21

ጉድ ፈላ። ጤና ቢሮው መልስ ሲያጣ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይሄኛውን በሰው እጅ በቀጥታ ለአለቃቸው ላከው። አለቃቸው «የመጀመሪያው የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ የሺ መሳቢያቸውን ከፈቱ።

የነገረችኝ እማዬ ናት። እትዬ የሺ እሷ ጋ መጥተው አልቅሰዋል። እሷ አላለቀሰችም። እየቆረጠች የነበረውን ጨርቅ አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ስህተት ነው ብለሃታል አሉ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ።

«አንተ እንዳትዋሽ ብዬ ነው ሥራህን ያልጠየቅኩህ። ሳልጠይቅህ ዋሸህ። ካልጠፋ ሰው የሺን!»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው እማዬ! ቤቱን…»

«ስሜን አታንሳ!» ብላ ጮኸች። በሕይወቴ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ቤት ስጠኝ አልኩህ? እኔ መቼ ፎቅ አልኩህ?»

እውነቷን ነው። አላለችኝም። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት፣ ሰኔ 12 ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፣ ፎቁ ለኔ ነው ወይስ ላንተ ብላለች። ለእኔ ነበር። ለእኔና ለዚያች ነጭ መኪና። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐሴ 24

እማዬ ሳትነግረኝ ወረዳ ሄዳ ኮንዶሚኒየሙን ሰርዛ ምትክ ክፍል ጠይቃለች። የከፈልኩትን መለሱላት። ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ለሰውየው መልስ» አለች። ለዶክተር ዋቅጋሪ መለስኩላቸው፣ ሥራውንም ለቀቅኩ። ለስንብት እጃቸውን ስዘረጋ ስልክ እያወሩ ነበር። በጭንቅላታቸው እሺ አሉኝ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

እትዬ የሺ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ምድር ቤቱን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። መብራቱ ቀኑን ሙሉ ይበራል። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፋይል ያራግፋሉ።

«መጣህ?» አሉ። «ማስተካከያውን አመጣህ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ ያደርጉ ነበር ማለት ነው።

«ስህተት አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ የቀረሁት። ዋሽቼዎት ነው።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ሳል ያዛቸው፣ ወይም የሚስሉ አስመሰሉ። ከዚያ ገቢ መዝገቡን ሳቡ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አወጡ፣ ቁጥር መስጠት ጀመሩ።

«ቢያንስ የዛሬን ሳይሆን የመጣበትን ቀን ይጻፉበት፣ ያዘገዩት አይመስልም» አልኳቸው። ለሰው ሞት አነሰው! አሁንም የማጭበርበር ምክር ነው የምሰጠው።

«ቀን ዋሽቼ አላውቅም» አሉ፤ የዛሬን ቀን ማኅተም መቱበት።

አለቃቸው ጋ ወጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «ያንተን ጥፋት እዚያው የላኩህ ይጠይቁሃል» አለኝ። «ደብዳቤ የደበቁት ግን እሳቸው ናቸው። ማስጠንቀቂያ ጽፌላቸዋለሁ። ጡረታቸውም ይሄ ነገር እስኪጠራ አይንቀሳቀስም።»

በአራት ቀን ውስጥ ቁልፉን ሊያስረክቡ የነበሩ ሴት ናቸው።

ነሐሴ 28

ለያደታ ደወልኩ። «ዶክተር! አለህ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉንም ነገርኩት። «ና ብቻ» አለና ስልኩን ለሰው ኃይል ኃላፊው ሰጠልኝ። መልሰው ይቀበሉኛል፣ ሐኪም በጣም ቸግሯቸዋል። እስከ መስከረም 5 ከደረስኩ ቅጣቱ ይቀራል። ነገር ግን የድሮው ውል ስለፈረሰ አዲስ ውል፣ አዲስ ዋስ። አዲስ ደሞዝተኛ ዋስ ሲፈርም ነው እገዳው ከእትዬ የሺ ላይ የሚነሳው።

አስገዶም፦ «ደጌ፣ የእኔ ደሞዝ ራሱ በግዴታ የተያዘ ነው፣ አይቀበሉኝም።» አጎቴ፦ ስልክ አያነሳም። አብረውኝ የሠሩ ሁለት ሐኪሞች፦ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «ሚስቴን ላማክር» አለ። ሚስት እንደሌለው አውቃለሁ። ማን ይፍረድበት? እኔ ራሴ ለራሴ አልፈርምም።

ነሐሴ 30

ዛሬ ስድሳ ሞላቸው። እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ሲገቡ በመስኮት አየኋቸው።

ጳጉሜን 2

እማዬ፦ «የሺ ትፈልግሃለች፣ ነገ ቢሮዋ ና ብላለች።» ሌላ አልነገረችኝም። ወቀሳ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ወቀሳማ በስንት ጣዕሙ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ወቀሳ አልነበረም።

ምድር ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጠው ጠበቁኝ። አንደኛው ከአለቃቸው የተጻፈ ነው፤ ፋይሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ወ/ሮ የሺሃረግ ለአንድ ዓመት አገልግሎታቸው ተራዝሟል ይላል። የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የደሞዝ ደብዳቤ ነው፤ ወርኃዊ ደሞዛቸው ይህን ያህል መሆኑን እናረጋግጣለን፣ ለዋስትና የተሰጠ።

«ጡረተኛ ዋስ አይሆንም፣ ደሞዝተኛ ይሆናል» አሉ፣ የሚያስረዱት ለሕፃን ይመስል። «ደሞዝተኛ ሆኛለሁ ይኸው። አንድ ዓመት ምን አላት? በዓመት ውስጥ ሌላ ዋስ ታገኛለህ፣ ያኔ እኔ እወጣለሁ። ሌላ ሰው ካላገኘህ ግን እዚያ ያሉት ሕመምተኞች ምን ያድርጉ?»

«ሳልዎትስ?»

«ሳሉን ለምጄዋለሁ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ ተቆጥቼሃለሁ» አሉ፣ ወረቀቱን እያስተካከሉ። «በጣም ነው የተቆጣሁህ። ዓመት በዓሉ ይለፍና እናያለን። የዋስትናውን ቅጽ አምጥተሃል? ቡዜ ያዘው ብላሃለች አይደል?»

እማዬ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ከትታው ነበር፤ ያደታ በፋክስ የላከው ቅጽ። አወጣሁት። ስማቸውን ጻፉ፣ የሥራ ቦታቸውን ጻፉ፣ አራት ዓመት የሚለውን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። እኔ ለራሴ ያላነበብኩትን ውል እሳቸው መስመር በመስመር አነበቡት። ከላይ ሰው ሲራመድ ከጣራው ብናኝ ይወርዳል፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ከዚያ ለፊርማ እስክሪብቶአቸውን ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ የለም፣ መሳቢያው ውስጥ የለም። ፋይሎቹን እያነሱ ሲፈልጉ ጊዜ ነበረኝ። «ይተዉት እትዬ፣ አይፈርሙ፣ እኔ ሄጄ ጤና ቢሮው ከፈለገ ይሰረኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ከኪሴ የራሴን እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ክዳኑን ነቅዬ አቀበልኳቸው።